ኪሎው የምን ነው? የጅማው የሕፃናት ጥናት ከድሬዳዋ ሲነበብ

ድሬዳዋ የከብት ገበያ በግ ሊገዛ የወጣ ሰው ሚዛን አይጠይቅም። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነውን የሶማሌ በግ ጠጋ ብሎ በመጀመሪያ ከኋላው ያየዋል። ቀጥሎ መዳፉን ወገቡ ላይ ያሳርፍና አከርካሪው ይቆረቁረው እንደሆነ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል፤ ሽንጡን ጨበጥ፣ ላቱን ከፍ አድርጎ ለቀቅ። «ይኼማ ላት ብቻ ነው አቦ!» ይላል ገዢው። «ወላሂ ሥጋ ነው፤ ደግመህ ያዘው!» ይላል ሻጩ። በጉ እንደሚከብድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያላስማማቸው ክብደቱ ከምን እንደመጣ ነው። አጠገባቸው የቆመችው ፍየል ደግሞ ሌላ ትምህርት ናት። ከላይ ሲያዩዋት ጎድኗ ይቆጠራል፤ ታርዳ ሆዷ ሲከፈት ግን ሞራው አንጀቷን እንደ ነጠላ ሸፍኖት ይገኛል።

ሰውን ስንመዝን ግን ይህን ዕውቀት ገበያው በር ላይ ትተነው እንሄዳለን። እናት ልጇን ጤና ጣቢያ ወስዳ ስታስመዝን የሚነገራት አንድ ቁጥር ነው። ከጨመረ ትደሰታለች፤ ከቀነሰ ትደነግጣለች። ጎረቤት «ማሻ አላህ፣ ፋፍቷል» ይላል። የጨመረው ላት ይሁን ሽንጥ የሚነግራት ግን የለም።

የበግ ገዢውን ጥያቄ በአገራችን ሕፃናት ላይ በመሣሪያ የጠየቀ ሥራ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የዴንማርኩ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ድረስ በጅማ ሆስፒታል የተወለዱ ሕፃናትን መዝግበው፣ ስባቸውንና ከስብ ውጭ ያለውን ክብደታቸውን ለይተው ለመለካት ተነሡ። የሥራው ዋና ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የክሊኒካዊ ሥነ ምግብ መጽሔት ታትሟል። ከጸሐፊዎቹ መካከል ግሬገርስ አንደርሰን፣ ጽኑኤል ግርማ፣ የለንደኑ ጆናታን ዌልስና ሄንሪክ ፍሪስ ይገኙበታል። ጽሑፉ ከልደት እስከ 6 ወር ያሉ «የኢትዮጵያ ሕፃናት» የሰውነት ጥንቅር ማጣቀሻ ነኝ ይላል። ዛሬ የምዳስሰው ይህንኑ ጽሑፍ ነው፤ ቀድሞት የወጣውንና ተከትለውት የመጡትን አልፎ አልፎ እያነሣሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ጥያቄው ትክክል ነው፣ ልኬቱም ጥንቁቅ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ከሌላ አገር በተዋሰው አንድ ቁጥር ላይ ቆሟል፤ የተሸከመው ስምም ከራሱ ይሰፋል።

መጀመሪያ ስለ ዘዴው። በትምህርት ቤት ፊዚክስ «እፍግታ» የሚባል ነገር ተምረናል፦ የአንድ ነገር ክብደት ለያዘው ቦታ ሲካፈል ማለት ነው። ወጥ ላይ ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፈው እፍግታው ከውኃ ስለሚያንስ ነው። የሰው ስብም እንደዚያው ነው። አንድ ሊትር ስብ 0.9 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ሊትር ጡንቻ 1.06 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጠጣሩ አጥንት ደግሞ ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል። ጂም የሚሠሩ ወጣቶቻችን «ጡንቻ ከስብ ይከብዳል» ሲሉ አባባሉን አዛቡት እንጂ ቁም ነገሩን አልሳቱትም። አንድ ኪሎ ያው አንድ ኪሎ ነው፤ ልዩነቱ የሚይዘው ቦታ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ስብ 1.11 ሊትር ቦታ ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ጡንቻ 0.94 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው፤ ሱሪ ሲጠብና ሲሰፋ የሚታየው ግን ይኸው ነው።

ሁለት የሳቢያን ሰፈር ጎረምሶች እናስብ። ቁመታቸው እኩል፣ ክብደታቸውም 70፣ 70 ኪሎ። የአንዱ ገላ 66 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ የሌላው 67.6 ሊትር። ዊልያም ሲሪ የተባለው አሜሪካዊ ባወጣው ቀመር መሠረት 495ን ለእፍግታው አካፍለን 450 ብንቀንስ፣ የመጀመሪያው ከክብደቱ 16.7 ከመቶው ስብ ነው፤ የሁለተኛው 28 ከመቶ። በኪሎ ሲሰላ አንዱ 12 ገደማ፣ ሌላው 20 ገደማ ኪሎ ስብ ተሸክሟል ማለት ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የተቀመጠው ልጅ ለሁለቱም «ሰባ» ብሎ ሳንቲሙን ይቀበላል። ክብደትን ለቁመት ካሬ የሚያካፍለው የተለመደው ስሌትም ከዚያ ልጅ ብዙ አይሻልም፤ ሁለቱን እኩል አድርጎ ያልፋቸዋል።

ይህ ስሕተት ዋጋ እንደሚያስከፍል ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1942 አልበርት ቤንኪ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር 25 የአሜሪካ ፉትቦል ባለሙያ ተጫዋቾችን ውኃ ውስጥ እያስጠለቀ መዘነ። በጊዜው የክብደት ሠንጠረዥ 17ቱ ከልክ ያለፈ ክብደት ስላላቸው ለውትድርና አይበቁም የሚባሉ ነበሩ። እፍግታቸው ሲሰላ ግን ከ17ቱ 11ዱ ስባቸው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ሠንጠረዡ ጡንቻቸውን እንደ ስብ ቆጥሮባቸው ነበር።

አዋቂን ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ይቻላል፤ አራስን ማን ያጠልቃል? የጅማው ቡድን መልስ በአየር መለካት ሆነ። ፒ ፖድ የሚባለው መሣሪያ መስኮት ያለው፣ ውስጡ የሞቀ ትንሽ ክፍል ነው። ሕፃኑ ተመዝኖ ራቁቱን ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ መሣሪያው ሕፃኑ ምን ያህል አየር እንዳፈናቀለ ከአየሩ ግፊት ለውጥ ያሰላል። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሕፃኑ ቢያለቅስም ቢወራጭም ልኬቱ አይበላሽም፤ ይህ ብቻውን ለእናት ትልቅ ነገር ነው። ክብደቱ ለያዘው ቦታ ሲካፈል እፍግታው ይገኛል፤ ከእፍግታው ደግሞ ስቡ ይሰላል።

የሥራው የመጀመሪያ ብርታት ድግግሞሹ ነው። በጊዜያቸው የተወለዱ 378 ጤነኛ ሕፃናት በ6 ወር ውስጥ በአማካይ ከአምስት ጊዜ በላይ ተለክተው 2,026 ልኬቶች ተገኝተዋል። እናት አራስነቷን ጨርሳ፣ ልጅ አዝላ፣ ለምርምር ስትል ደጋግማ ሆስፒታል መመላለሷን ለሚያስብ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። አንድ ጊዜ ፎቶ አንስቶ ከመሄድ ይልቅ የአንድን ልጅ መንገድ ተከትሎ ማየት ማለት ነው። ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጽሑፍም ቡድኑ 350 አራሶችን በተወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለክቶ ከሌላ አገር አራሶች ጋር አነጻጽሮ ነበር።

ሁለተኛው ብርታት ውጤቱን በመቶኛ ስብ ብቻ አለማቅረቡ ነው። መቶኛ ያታልላል፤ ስብ ሳይጨምር ሥጋ ቢያንስ መቶኛው ከፍ ይላል። ጸሐፊዎቹ ስቡን ለብቻ፣ ከስብ ውጭ ያለውን ለብቻ፣ ሁለቱንም ለርዝመት ካሬ አካፍለው፣ ለወንድና ለሴት ሕፃናት የተለያየ የእድገት መስመር ሣሉ። ከመስመሮቹ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስብ ከሌላው አካል ቀድሞ የሚጨምር መሆኑ ነው። አያቶቻችን «ጡት የጠባ ልጅ ይፋፋል» ያሉትን መሣሪያው አረጋገጠ፤ ግን ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ሌላ እንደሆነ ቁጥር ሰጠበት።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፣ መልሱ የተከተለው ሥራ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሙባረክ አበራና ባልደረቦቹ እነዚሁን ልጆች በ2 ዓመታቸው ሲመረምሩ፣ ሲወለዱ ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው ከፍ ያለው ልጆች በክህሎት እድገት መመዘኛ የተሻለ ውጤት አገኙ። የስቡ መብዛት ይህን ዝምድና አላሳየም። ምክንያትና ውጤት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ነገር ግን ሚዛኑ አንድ አድርጎ የሚጠራቸው ሁለት ነገሮች በልጁ ዕጣ ላይ አንድ እንዳልሆኑ ያመለክታል።

እንግዲህ ወደ ሂሱ። የመጀመሪያው የውሰት ቁጥሩ ነው። መሣሪያው ስቡን የሚያሰላው ከስብ ውጭ ያለው አካል እፍግታ ይታወቃል ብሎ ነው። ለአዋቂ 1.1 ይወሰዳል። አራስ ግን በውኃ የተሞላ ነው፤ ከስብ ውጭ ካለው አካሉ 80 ከመቶው ገደማ ውኃ ስለሆነ 1.063 ይወሰድለታል። ይህ ቁጥር የመጣው ከምዕራባውያን ሕፃናት ጥናት እንጂ ከጅማ አይደለም። «በሦስተኛው አኃዝ ላይ ምን ያጣላል?» ይባል ይሆናል። እንየው። 3 ኪሎ የሚመዝን፣ 7 ከመቶው ስብ የሆነ አራስ 2.858 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ስቡ 10 ከመቶ ቢሆን 2.873። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ! አሁን ደግሞ የዚሁ የ7 ከመቶ ልጅ ሰውነት ትንሽ ውኃ ቢበዛበትና እውነተኛው ቁጥር በ1.063 ፈንታ 1.060 ቢሆን፣ መሣሪያው 8.5 ከመቶ ስብ አለው ብሎ ያነባል። ማንም አልተሳሳተም፤ መሣሪያውም ደህና ነው። የተሳሳተው ቀድሞ የተገመተው ነው። ጽሑፉ የቆመው በዚህ ቀጭን ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ የአገራችን ሕፃናት የውኃ መጠን በሌላ ዘዴ ተለክቶ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ከሌላ አገር ሕፃናት ጋር የሚደረገው ንጽጽር በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። በአንድ ቡድን ውስጥ ልጅን ከልጅ ማነጻጸሩ ግን ከዚህ ስጋት ብዙም አይነካም፤ ለዚህም ነው የ2017ቱን ውጤት ከ2011ዱ አገር ከአገር ንጽጽር ይልቅ የማምነው።

ሁለተኛው ሂስ ስሙ ነው። «የኢትዮጵያ ሕፃናት» የሚለው አርእስት በአንድ ደጋማና ዝናባማ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የተወለዱ፣ በጊዜያቸው የመጡ፣ ጤነኛ ልጆችን ነው የያዘው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በዚያን ዘመን በጤና ተቋም የሚወለደው ከ10 ልጅ 1 ገደማ ነበር። ስለዚህ ገና ከበሩ ዘጠኙ ቀርተዋል። ባሌ ገጠር ቤቷ የወለደች፣ ሽንሌ ሜዳ ላይ ግመል እያረባች ያረገዘች፣ ድሬዳዋ ለገሃሬ ሙቀት ውስጥ ዘጠኝ ወር የቆየች እናት ልጅ መስመሩ ውስጥ የለም። ጤነኞችን መርጦ መለካት ለማጣቀሻ የተለመደ አሠራር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የአንድ ከተማን ልጅ ለክቶ የአገርን ስም መስጠት ሌላ ነገር ነው። «የጅማ ሕፃናት» ቢል ኖሮ ምንም አይጎድልበትም፤ እኛም «የእኛስ?» ብለን ለመጠየቅ ይቀለን ነበር።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የከበደው፣ መስመሩ የሚቆምበት ቦታ ነው። ፒ ፖድ ለትንንሾች የተሠራ ስለሆነ ልጁ 6 ወር አልፎ ሲከብድ ይጠበዋል። ለትልልቅ ልጆች በሚሆነው መሣሪያ እነዚሁ ልጆች እንደገና የተለኩት አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በመካከሉ ያለው ጨለማ ነው። ያ ጨለማ ደግሞ ልጁ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት፣ ከጡት የሚወርድበት፣ ተቅማጥ የሚደጋግመው፣ የሚቀነጭር ልጅ የሚቀነጭርበት ዕድሜ ነው። ምርምሩ ብዙ የነገረን ልጁ በጡት ደህና ስለሚያድግበት ጊዜ ነው፤ ዝም ያለን ደግሞ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከ6 ወር ጀምራ ክንድ መለኪያዋን የምታወጣበት ጊዜ ላይ ነው።

ያቺን ባለሙያ ቀረብ ብለን እንያት፤ ጽሑፉ ያላያት እሷን ነውና። የልጁን ግራ ክንድ አጋማሽ ላይ ባለ ቀለም ሜትሯን ጠቅልላ ታነባለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀጥላ ሁለቱንም እግሩን ከላይ በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ሦስት ሰከንድ ያህል ትቆያለች። ጣቷን ስታነሣ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ፣ ልጁ ውኃ ቋጥሯል፤ ሚዛኑ ላይ የታየው ኪሎ ሥጋም ስብም አይደለም ማለት ነው። ይህች ሴት ያለ መሣሪያ የምትሠራው የሰውነት ጥንቅር ምርመራ ነው፤ የበግ ገዢው መዳፍ በሕክምና ቋንቋ። የጅማው ማጣቀሻ ከእሷ ሜትርና ከእሷ አውራ ጣት ጋር አልተገናኘም። የክንድ ዙሪያ ስንት ሲሆን ስቡ ስንት፣ ሥጋው ስንት እንደሆነ የሚነግር አንድ ሠንጠረዥ ቢጨመርበት ኖሮ፣ ውድ መሣሪያው ለርካሹ ሜትር አስተማሪ ይሆነው ነበር።

ከድሬዳዋ ሆኜ ሳነበው ደግሞ ሌላም ነገር ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 ከመቶዎቹ ከልክ በታች የቀጠኑ፣ 8 ከመቶዎቹ ደግሞ ከልክ በላይ የከበዱ ነበሩ። ሁለቱም ችግር በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ አለ። በእኛው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩት ጎልማሶች 24.4 ከመቶዎቹ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ጋደም ብሎ፣ ማታ ፈቲራና ሙሸበኩን በሻሂ የሚያወራርድ፣ እጅና እግሩ የቀጠነ፣ ሆዱ ብቻ ወደፊት የወጣ ሰው የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ሚዛን ላይ ሲወጣ «ደህና ነህ» ይባላል። እሱ ያቺ ፍየል ነው፤ ሞራው ከውስጥ ነው። የጅማው ሥራ ስለ አራስ ቢናገርም፣ የሚያስተምረው የንባብ ዘዴ ለዚህ ሰውም ይሠራል። ፒ ፖድ ባይኖር የልብስ ሰፊ ሜትር አለ፤ ወገቡ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የዓለም ጤና ድርጅት የስጋት ምልክት አድርጎ ያየዋል።

በመጨረሻም የቋንቋ ነገር። ይህ ሁሉ የተለካው በኢትዮጵያውያን እናቶች ትዕግሥት ነው፤ የተጻፈው ግን እነሱ በማያነቡት ቋንቋ ነው። አማርኛችን ለዚህ ድሃ አይደለም። ስብ፣ ጮማ፣ ሞራ፣ ላት፣ ሻኛ፣ ሽንጥ እያለ ለከብት የሚለይ ቋንቋ፣ ወደ ሰው ሲመጣ «ወፈረ» እና «ከሳ» ብቻ የሚቀረው ቃል አጥቶ ሳይሆን የሚያስፈልገው ስላልመሰለው ነው። የእነዚህ ተመራማሪዎች ሥራ እንደሚያስፈልገው አሳይቷል።

ፍርዴ ይህ ነው። የጅማው ጥናት በአገራችን ስለ ሕፃናት እድገት ከተሠሩት ምርጥ ሥራዎች አንዱ ነው፤ የሕፃናት ሐኪም፣ ነርስና የሥነ ምግብ ተማሪ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። የድሬዳዋን ልጅ ለመመዘን ግን ገና መለኪያ ሊሆን አይችልም። ድሬዳዋና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርባችን ናቸው፤ ድል ጮራ ሆስፒታልም በየቀኑ ልጆች የሚወለዱበት ቤት ነው። ልኬቱ በቆላው ይደገም፤ ከስብ ውጭ ያለው አካል የውኃ መጠኑ እዚሁ ይለካ፤ ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት ያለው ክፍተት ይሞላ፤ ውጤቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ለጤና ኬላዎች ይድረስ። እናቶችም ልጃችሁን ማስመዘን አታቋርጡ፤ ኪሎው ሲነገራችሁ ግን ርዝመቱንና የክንዱን ልክም ጨምራችሁ ጠይቁ።